እንግሊዞቹ ለቀው ሲሄዱ ጀርመኖቹ ካንሳስ ላይ ለምን ቆዩ?

የመንገድ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከዴንቨር ወደ ካንሳስ ሲቲ ጭነት ማመላለስ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ኢንተርስቴት 70ን የሄደበት ያውቀዋል። ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሜዳ። ሄይስን አልፎ ወደ ምሥራቅ ትንሽ እንደተነዳ ግን በቀኝ በኩል ሁለት የድንጋይ ግንቦች ብቅ ይላሉ። ዙሪያው ስንዴ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አላስቻለኝም፣ የእረፍት ሰዓቴን እዚያው ላሳልፍ ብዬ ወጣሁ።

መንደሯ ቪክቶሪያ ትባላለች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ፊዴሊስ ነው፣ የካቶሊክ። የተሠራው ከ1908 እስከ 1911 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ግንቦቹ 43 ሜትር ይደርሳሉ። ድንጋዩን ቆርጠው በጋሪ ያመጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ቆራቢ ሁሉ በዓመት 45 ዶላር እንዲያዋጣ፣ ስድስት ጋሪ ድንጋይም እንዲያመጣ ተወስኖ ነበር። በዚያ ዘመን ለገበሬ 45 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው። ልጅ የበዛበትን ቤት ደግሞ አስቡት።

ሠሪዎቹ የቮልጋ ጀርመኖች ይባላሉ። ታሪካቸውን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳነብ ከረምኩ። የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን በ1763 አዋጅ አውጥታ ከጀርመን አገር ገበሬ ጠራች። መሬት እሰጣችኋለሁ፣ ሃይማኖታችሁንና ቋንቋችሁን አልነካም፣ ልጆቻችሁ ለጦር አይመለመሉም አለች። ሄዱ። በቮልጋ ወንዝ ዳር ከ100 በላይ መንደር መሠረቱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ቃሉ ታጠፈ። በ1871 መብታቸው ተነሣ፣ በ1874 ደግሞ ለሁሉም የሆነ የውትድርና ሕግ መጣ። ስለዚህ እንደገና ተነሡ። ቪክቶሪያ አጠገብ የሰፈሩት በ1876 ነው። ሰፈራቸውን ሄርዞግ አሉት፣ በቮልጋ ትተውት በመጡት መንደር ስም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከነሱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ሌሎች ነበሩ። ጆርጅ ግራንት የሚባል ስኮትላንዳዊ ከባቡር ኩባንያው ሰፊ መሬት ገዝቶ በ1873 የእንግሊዞች ሰፈር መሠረተ። ቪክቶሪያ ያላት እሱ ነው፣ በንግሥታቸው ስም። ጥቁሮቹን የአንገስ ኮርማዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ያስገባውም እሱ ነው። ገንዘብ ነበራቸው፣ ቋንቋውን ያውቁታል። ግራንት በ1878 ሞተ። ሰዎቹ ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ተበተኑ። ገንዘብም ቋንቋም ያልነበራቸው ጀርመኖች ግን ቀሩ። ዛሬም የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ናቸው።

መሬቱ አንድ ነው። ሰማዩም አንድ ነው። ለምንድን ነው እነዚያ የሄዱት፣ እነዚህ የቆዩት? የምታውቁ አካፍሉኝ።

የስንዴ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እኔንም ነካኝ። የባሌ ሮቤ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም የሰብል ሳይንስ ነው። ስለዚህ ከስንዴው ልጀምር።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ከሩሲያ ወደ ካንሳስ የመጡት ጀርመኖች ሁሉም የአንድ ሰፈር ሰዎች አይደሉም። አንተ ያየሃቸው የቮልጋ ካቶሊኮች ናቸው። ከዚያ በስተምሥራቅ፣ በኒውተን፣ በሂልስቦሮና በጌሰል በኩል ደግሞ ሜኖናይቶች የሚባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች አሉ። እነሱ ከጥቁር ባሕር ሰሜን፣ ከዛሬዋ ደቡብ ዩክሬንና ከክራይሚያ ነው የመጡት። ሃይማኖታቸው ጦር ማንሳትን ይከለክላል። በ1873 አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ልከው ከማኒቶባ እስከ ቴክሳስ መሬት አስጎበኙ። የካንሳስ ምክር ቤትም በ1874 በሃይማኖቱ ምክንያት መዋጋት የማይችል ሰው ከሚሊሻ ነፃ እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት በብዛት ገቡ።

ዝነኛው ስንዴ የሚያያዘው ከሜኖናይቶቹ ጋር ነው። ተርኪ ሬድ ይባላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይዘራል። ይበቅልና በረዶ ሥር ተኝቶ ይከርማል። ብርዱ ጠላቱ አይደለም፤ እንዲያውም ብርድ ካልነካው በደንብ አያሸትም። በረዶው ሲቀልጥ ሥሩ ቀድሞ መሬት ይዟል፣ የጸደዩን እርጥበት ከማንም በፊት ይጠጣል። ሰኔ ላይ ይደርሳል። የበጋው ደረቅ ነፋስ ሳይመጣ ጎተራ ገባ ማለት ነው።

አሁን 1874ን አስቡ። በዚያ ዓመት ካንሳስን የሮኪ ተራራ አንበጣ ወረራት። የመጣው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው። ሜዳ ላይ የቆመው በቆሎ ድራሹ ጠፋ። የፈረስ ኮርቻ ቆዳ፣ የመጥረቢያ እጀታ ሳይቀር በሉ ይባላል። በሰኔ ያጨደ ገበሬ ግን ምን ይነካዋል? አሜሪካኖቹ በቆሎ ላይ ተደግፈው ነበር። እነዚህ ሰዎች በጋው የሚያቃጥልበት፣ ክረምቱ የሚያንዘፈዝፍበት፣ ዛፍ የሌለበት የሣር ሜዳ ላይ ለትውልዶች ያረሱ ናቸው። ካንሳስ አዲስ አገር አልነበረችም ለነሱ። የሚያውቁት ዓይነት መሬት ነበረች። እንግሊዞቹ የለመዱት ዝናብ የማይጠፋበት፣ አረንጓዴ መሬት ነው።

የስንዴው ፍሬ መጀመሪያ ላይ አስቸግሯል። ጠንካራ ነው። የዚያን ጊዜ ወፍጮ ቤቶች ለስላሳ ስንዴ ነው የለመዱት፣ የወፍጮው ድንጋይ በደንብ አያደቀውም። ነጋዴው ዋጋውን ይጥልበት ነበር። የብረት ሮለር ያለው ወፍጮ ሲስፋፋ ነገሩ ተገለበጠ። ከሜኖናይቶቹ አንዱ በርንሃርድ ዋርከንቲን ሃልስቴድና ኒውተን ላይ ወፍጮ አቋቁሞ ይህን ስንዴ ለማስፋፋት ብዙ ደክሟል። ዛሬ በካንሳስ የሚዘራው ጠንካራ ቀይ ስንዴ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር አብዛኛው እዚያ ይደርሳል። ልጆች አንድ በአንድ እየለቀሙ ሳጥን የሞሉት ዘር ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ እናቴ ለዘር የምትሆነውን ስንዴ በሰፌድ ስትለቅም ትዝ አለችኝ።

ታሪክ ወዳድ፦

የስንዴ ልጅ፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸን። የሳጥኑን ወሬ ግን በጥንቃቄ እንያዘው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የተለቀመ ዘር በሳጥን ይዞ ገባ የሚለው ከዓመታት በኋላ የተስፋፋ ትረካ ነው፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይጠራጠሩታል። በሳጥን የሚመጣ ዘር ደግሞ አገር አያለብስም። ስንዴውን ያስፋፋው በኋላ ከሩሲያ በብዛት የገባው ዘርና ወፍጮው ነው። ይህን የምለው የእናቶችን ድካም ላሳንስ አይደለም። እውነቱ ራሱ በቂ ስለሆነ ነው።

ለእኔ ከስንዴው የሚበልጠው ምክንያት አሰፋፈራቸው ነው። የሆምስቴድ ሕግ የሚባለውን ሊንከን በ1862 ፈረመ። ዜጋ የሆነ ወይም ለመሆን ያመለከተ ሰው 160 ኤከር ይወስዳል። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው የራሱ ይሆናል። መቼም ለመሬት አልባ ሰው ሕልም ነው። ግን ሕጉ ግዴታ አለው፣ መሬቱ ላይ ቤት ሠርተህ መኖር አለብህ። ጎረቤትህም እንዲሁ። ስለዚህ ቤትና ቤት ይራራቃል። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሚስት ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሴት ሳታይ ልትከርም ትችላለች። ብርዱን ችለው ብቸኝነቱ ያሸነፋቸው ብዙ ናቸው።

ጀርመኖቹ ይህን አልወደዱም። ከመንደር ወጥተው መንደር ነው የፈለጉት። የባቡር ኩባንያዎቹ ከመንግሥት የተሰጣቸው ሰፊ መሬት ነበራቸው፣ ገበሬ ካልሰፈረበት ደግሞ ባቡሩ የሚጭነው የለውም። የሳንታ ፌ ኩባንያ ሲ. ቢ. ሽሚት የሚባል ጀርመንኛ ተናጋሪ ወኪል ይዞ ሜኖናይቶቹን አግባባ። እነሱም አንድ ላይ የተያያዘ መሬት እየገዙ ገቡ። ቤት እስኪሠሩ በክረምቱ የሚጠለሉበትን ረጃጅም ቤት ያቆመላቸው ኩባንያው ነው። አሌክሳንደርቮል የሚባለው አጥቢያ ከነቄሱ፣ ከነሽማግሌው፣ ከነስሙ ነው ተነቅሎ የመጣው።

አንተ ስለ እንግሊዞቹ ጠየቅህ። እነዚያ የመጡት እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ብዙዎቹ የባለጸጋ ቤት ታናናሽ ልጆች ናቸው፣ በፈረስ እያደኑ ለመኖር የመጡ። ሲከፋቸው የሚመለሱበት ቤት አላቸው። ጀርመኖቹ መመለሻ አልነበራቸውም። የወጡበት ቤት ተሽጧል፣ ከኋላ ያለው ውትድርና ነው። አንዱ ቤት ሲቃጠል ደግሞ ሃያ ሰው መዶሻ ይዞ ይመጣል። ደቦ የምንለው ነገር ማለት ነው። የሰው ልጅ ብቻውን ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ገበሬ መሆን ግን ከባድ ነው።

ነብራስካ ነዋሪ፦

እኔ የምኖረው ሊንከን ነው። እዚህ ከተማ ከሩሲያ የመጡ ጀርመኖች ታሪክ ማኅበር ዋና ቤት አለ። ጎረቤቴ የነዚህ ሰዎች ልጅ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንድ ቀን ስለ ሴት አያታቸው አጫወቱኝ። ዛፍ በሌለበት አገር ምን ታነዱ ነበር ስላቸው፣ የከብት እበት ከገለባ ጋር ረግጠን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ እንደ ጡብ ቆርጠን አሉኝ። ስሙንም በጀርመንኛ ነገሩኝ፣ ሚስትሆልትስ። የእበት እንጨት ማለት ነው። ኩበት! እንዴት እንደሳቅን። እኔ ደግሞ ኩበት ለቅሜ ነው ያደግኩት ስላቸው እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

ሜኖናይቶቹ ደግሞ ሣርና ገለባ የሚያነድ የጡብ ምድጃ ነበራቸው። መሐል ቤት ላይ ይሠራል። ጠዋትና ማታ ገለባ ይጎሰርበታል፣ ጡቡ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። አሜሪካኖቹ እየመጡ ያዩት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁሉም ባለመሬት አልሆኑም። ዘግይተው የመጡት ነፃ መሬት አልጠበቃቸውም። ሊንከን የገቡት ብዙዎቹ በክረምት ከተማ ውስጥ ይሠራሉ። በጸደይ ቤተሰቡ በሙሉ ባቡር ላይ ተጭኖ ወደ ምዕራብ ነብራስካና ወደ ኮሎራዶ ይሄዳል፣ ሹገር ቢት ለመኮትኮት። ስኳር የሚወጣው ነጩ ሥር ነው። ትንንሽ ልጆች ተንበርክከው ሲያሳሱ ይውላሉ፣ ትምህርት ቤት የሚገቡት ክፍል ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው። ጎረቤቴ ይህን ሲያወሩ አይስቁም። ቆይተው በጥቂት በጥቂቱ መሬት የገዙ አሉ። ሳይገዙ የቀሩም አሉ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ስናወራ እነዚያን ልጆችም እናስታውሳቸው።

የመንገድ ሰው፦

ነብራስካ ነዋሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኩበቱን ለባለቤቴ ሳነብላት እሷም ተደነቀች። ቪክቶሪያ ላይ ካየሁት አንዱ የአጥሩ ቋሚ ነው። ከድንጋይ ነው የተሠራው! እንጨት ስለሌለ ድንጋዩን ጠርበው እንደ ምሰሶ አቁመውታል። መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ሽቦ ተሸክሞ ቆሟል።

የሁለት ልጆች እናት፦

ውይይታችሁን ሁለት ቀን ሙሉ ሳነብ ነበር። እኔ የመጣልኝ የቋንቋው ነገር ነው። ሩሲያ ውስጥ መቶ ዓመት ኖረው ጀርመንኛቸውን አልጣሉም። አሜሪካ ግን ጠፋ። እንዴት?

ፈልጌ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ሆነ። የአዮዋ ገዥ ዊሊያም ሃርዲንግ በሜይ 1918 አዋጅ አወጣ። ከእንግሊዝኛ በቀር በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር ላይ፣ በስልክ እንኳ እንዳይነገር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከቱ ሳይቀር። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አሮጊቶች እኮ ናቸው እዚያ የሚቀመጡት። ነብራስካ ውስጥ ጀርመንታውን የምትባል መንደር በዚያው ዓመት ስሟን ጋርላንድ አለች።

ነብራስካ በ1919 ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ። ሮበርት ማየር የሚባል የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሲያስነብብ ተያዘ። 25 ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1923 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ረታ። ፍርድ ቤቱ ወላጅ በልጁ ትምህርት ላይ የመወሰን መብት አለው አለ። ዛሬ ልጆቼን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ሳደርስ ማንም አይጠይቀኝም። ያ መብት በዚህ መምህር ስም የተጻፈ መሆኑን እስከዚህ ሳምንት አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ግን ፍርዱ ሲመጣ ረፍዶ ነበር። ወላጆች ፈርተው ከልጆቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ጀምረዋል።

የዳኮታ ነርስ፦

እህቴ፣ ሁሉም ቦታ አልጠፋም ነበር። እኔ በደቡብ ዳኮታ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። እዚህና ሰሜን ዳኮታ የሰፈሩት ከጥቁር ባሕር የመጡ ጀርመኖች ናቸው። ታዋቂው የቴሌቪዥን ሙዚቀኛ ሎውረንስ ዌልክ በ1903 የተወለደው ሰሜን ዳኮታ፣ ስትራስበርግ አጠገብ ባለ እርሻ ላይ ነው። አሜሪካ ተወልዶ እስከ መጨረሻው እንግሊዝኛው የጀርመን ቅላጼ ነበረው። ቤታቸው ዛሬም አለ፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ።

የማስታምማቸው እናት ነበሩ። ዘጠና አልፏቸዋል። የመርሳት ሕመም እንግሊዝኛቸውን ወሰደው። የቀራቸው በልጅነት የለመዱት ጀርመንኛ ብቻ ነው። የራሳቸው ልጆች አይሰሟቸውም። ማታ ማታ የሚደግሙት አንድ ነገር ነበር። እኔ ቃሉን አላውቀውም፣ ግን ጸሎት መሆኑን ከዜማው ለየሁት። አብሬያቸው አቡነ ዘበሰማያትን በአማርኛ እላለሁ። ዝም ይሉና ይተኛሉ።

ሜዳ ጠባቂ፦

ሁላችሁም የምትሉት እውነት ነው። አንድ የጎደለ ነገር ግን አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም።

ካንሳስ የሚለው ስም ራሱ የሕዝብ ስም ነው። ካንዛ ወይም ካው የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። መንግሥት ከመጨረሻው መሬታቸው አንሥቶ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ የወሰዳቸው በ1873 ነው። ሜኖናይቶቹ በብዛት የገቡት በ1874 ነው። አንድ ዓመት! በምዕራቡ ሜዳ ደግሞ ፓውኒና ሸየን ነበሩ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ማንንም አላባረሩም። ከባቡር ኩባንያ ነው የገዙት። ሻጩ ግን ከየት አመጣው? የሩሲያው ቮልጋም እንዲሁ ነው፤ ካትሪን የሰጠቻቸው ዘላኖች ከብት የሚያሰማሩበትን ሜዳ ነው። የተበደለ ሰው ሌላ የተበደለ ሰው መሬት ላይ ሊሰፍር ይችላል። ይህን ሳይነግሩን የጀግንነቱን ብቻ ቢነግሩን ታሪኩ ሙሉ አይሆንም።

ታሪክ ወዳድ፦

ሜዳ ጠባቂ፣ ልክ ነህ። እኔም መጀመሪያ ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

በቮልጋ የቀሩት ምን ሆኑ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከአብዮቱ በኋላ ረኃብ መጣ። በ1920 የአሜሪካና የካናዳ ሜኖናይቶች በዩክሬንና በሩሲያ ለሚራቡት ወገኖቻቸው እህል ለመላክ አንድ የእርዳታ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዘሩን ከዚያ ያመጡት ሰዎች ልጆች እህሉን መልሰው ወደዚያ ላኩ ማለት ነው። በኦገስት 1941 ደግሞ ስታሊን የቮልጋ ጀርመኖችን በሙሉ ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛክስታን እንዲጋዙ አዘዘ። መንደሮቹ በቀናት ውስጥ ባዶ ቀሩ። ሄርዞግም ከነሱ አንዷ ናት። ስሟን ግን የቀደሙት ወደ ካንሳስ ይዘውት ሄደው ነበር።

የናዝሬት ልጅ፦

ኮሚቴው ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ ኮሚቴ ዛሬም አለ፣ ሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜኖናይቶች ወደኛ አገርም መጡ። ናዝሬት ላይ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያስተዳድሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከነሱ አገልግሎት የመጣች ናት፤ ዛሬ በዓለም ካሉ የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ብዛት ቀዳሚዋ ናት።

ናዝሬት የመጡት አብዛኞቹ የፔንስልቬንያ ናቸው፣ ከላንካስተር። እነሱ በሩሲያ በኩል አልዞሩም። አያቶቻቸው ከስዊዘርላንድና ከራይን ወንዝ አካባቢ በ1700ዎቹ በቀጥታ ተሻግረው ነው እርሻ የጀመሩት። እናቴ ስለ አንዲት ነርሳቸው ስትናገር፣ እጇ የገበሬ እጅ ነበር ትላለች።

የስንዴ ልጅ፦

የመንገድ ሰው፣ በሰኔ እንደገና በዚያ ካለፍክ አጨዳው ላይ ትደርሳለህ። ኮምባይነሮቹ ሌሊትም አይቆሙም። አንድ ዘለላ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ጢሙን ማየት እፈልጋለሁ። ዳቦ መጋገሪያ ቤት ካገኘህ ደግሞ ቢሮክ በል። ሊጥ ውስጥ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ተደርጎ የሚጋገር ነው። ሰዎቹ እርሻ ላይ ይዘውት ይወጡ ነበር።

የመንገድ ሰው፦

ፎቶውን እልካለሁ፣ ቃሌ ነው። ቢሮኩንም እሞክራለሁ። ከጾም ቀን ውጪ ከደረስኩ።

የዳኮታዋ እህቴ ስለ እኚያ እናት የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ፣ ያን ቀን ያየሁት አንድ ነገር ትርጉሙ ገባኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ መቃብሩን ዞሬ ነበር። አሮጌዎቹ ላይ ቀጥቃጭ የሠራቸው የብረት መስቀሎች አሉ፣ ጽሑፋቸው በጀርመንኛ ነው። በስልኬ ተረጎምኩት። እዚህ ያርፋል፣ እዚህ ታርፋለች ይላል፣ የተወለዱበት ቦታ ሩሲያ ነው። ትንሽ ራቅ ሲባል ድንጋዮቹ አዲስ ይሆናሉ፣ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ይሆናል። የቤተሰቡ ስም ግን ያው ነው። አንደኛው ሐውልት ላይ ባልና ሚስት አብረው ተቀብረዋል። የሱ በጀርመንኛ ተጽፏል። እሷ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው የሞተችው። የሷ በእንግሊዝኛ ነው።